ቀን ያልተጻፈባቸው ካርዶች

ቀን 5/2

ይድረስ ለጋሼ፤

ፈጣሪ ባለህበት ጤናህን ይጠብቅልህ፤ እጅህን ከማሽን፣ አጥንትህን ከሰው አገር ብርድ ይሰውርልህ። እኛ ደህና ነን። እትዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷም አፏም እንደ ድሮው ነው። ትናንት ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ሄጄ ብጠይቃት ገና ስገባ «ከስተሻል» አለችኝ፣ ስወጣ ደግሞ «ወፍረሻል፣ ደረጃ ውጪበት» ብላ ሸኘችኝ። እናትህ ናት፣ ምን ይደረጋል።

የሊፍት ገመድና ዕቃ ይዤ እመጣለሁ፣ ሦስት ወር ብቻ ብለህ የሄድከው ይኸው ስምንት ወር ሞላህ። ስልክ አትደውዪ ስላልከኝ አልደወልኩም። «እማ ድምፄን ከሰማች ሁሉንም ታውቅብኛለች» ያልከውን አልረሳሁትም፤ ሁሉንም ያልከው ምኑን እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገርከኝም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ አልጠየቅኩም።

አሁን የጻፍኩልህ ሆድ የማይፈጀው ነገር ስለመጣ ነው። ባለፈው ረቡዕ ቢሮ ስከፍት በበሩ ሥር የገባ ፖስታ አገኘሁ። ከንግድ መዝገብ መሥሪያ ቤት ነው። ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የጠፉ ድርጅቶች ለሰው አደጋ እንዳይሆኑ ፍርድ ቤት ያፍርሳቸው ብሎ አመልክቷል። «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል» ይላል፣ ሁለት ቦታ ላይ። አሥራ አራት ድርጅቶች ተደርድረዋል። የእኛ የአሳንሰር ጥገና ስድስተኛ ነው። ከበላያችን መጫወቻ አስመጪ አለ፤ ከበታቻችን ደግሞ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ጥርስ ነቅሎ የማያውቅ የጥርስ ክሊኒክ። ዓመታዊ ሪፖርት አላስገቡም፣ ለሦስት ደብዳቤ መልስ አልሰጡም፣ ሥራ አስኪያጁ የት እንዳለ አይታወቅም ይለናል። ሦስቱም እውነት ነው። ደብዳቤዎቹ ያንተ ስም ስላለባቸው ሳልከፍት መሳቢያህ ውስጥ አስቀምጬልህ ነበር። የሰው ደብዳቤ አይከፈትም ብዬ።

«ዳይሬክተሮች» በሚለው ሥር ያንተ ስም አለ፣ ቀጥሎ የእኔ። ያኔ «ሕጉ ሁለት ሰው ይላል፤ ስምሽን ብቻ አውሺኝ» ስትለኝ እንደ ወንፊት ተውሰህ የምትመልስልኝ መስሎኝ ነበር።

ችሎቱ 27/6 ነው። ምን ልበላቸው? ቢሮውን በየቀኑ እከፍታለሁ። የአሥራ ዘጠኙ ሕንፃ የሞተር ክፍል ቁልፎች በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል። ከመሄድህ በፊት ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ ብለህ ፈርመህ የተውክልኝን የምርመራ ካርዶችም እንዳዘዝከኝ በየሊፍቱ ውስጥ እየሰቀልኩ ነው። ወር በገባ ከመጀመሪያው ሰኞ በፊት ባለው ቅዳሜ ዞሬ እሰቅላለሁ፤ ቀኑን ግን የሰኞውን እጽፋለሁ። «በዚህ ቀን መርምሬዋለሁ፤ ለሰው ማጓጓዣ ብቁ ነው።» ከሥሩ ያንተ ፊርማ፣ ያ ረጅም ጅራቱ።

ሌላ ምን ልንገርህ። የእትዬ ሕንፃ ሊፍት አራተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ማጓራት ጀምሯል። እሷ ምንም አልመሰላት። እንዲያውም አሁን አሁን ወር በገባ ቁጥር ሰኞ ጠዋት ታች እየወረደች ትቀመጣለች፤ ፀሐይ ልሙቅ ነው የምትለው።

መልስህን በቶሎ። አደራ።

የአክስትህ ልጅ፣ ማኅተም ያዥህ


ቀን 22/2

ይድረስ ለማኅተም ያዥዋ እህቴ፤

ከፖስተኛው ጀምሮ ደብዳቤሽን የነኩ እጆች ሁሉ ይባረኩ። አንቺንም የደከምሽበትን ያህል ፈጣሪ በጤና ይክፈልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጆሮዬ ግን እስካሁን ሁለት ነው።

ስለ መሥሪያ ቤቱ አትሸበሪ። ድርጅታችን ተጥሏል ያለው ማን ነው? ቢሮው ይከፈታል፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ካርዱ በየወሩ ይሰቀላል። የሚጣለው አሮጌ ጫማ ነው። ወገቡን አሞት ለሕክምና ሄዷል፣ ይመለሳል በያቸው። ውሸትም አይደለም፣ ወገቤ ያመኛል። ገመዱን ከሚሠራው ፋብሪካ ጋር ንግግር ላይ ነኝ። ንግግር ጊዜ ይወስዳል።

ቴክኒሻናችን ግራሶ እንዴት ነው? እሱ በየወሩ እየመረመረ፣ አንቺ ቀን እየጻፍሽ ከሄዳችሁ ማን ምን ሊለን ነው? ሰላም በይልኝ። እጁን ሳይታጠብ ሻይ እንዳትሰጪው፤ ብርጭቆ ሁሉ ቅባት ቅባት ይላል።

በነገራችን ላይ የእማ ሊፍት የሚያጓራው ሲወጣ ነው ሲወርድ? ሲቆምስ ቀጥ ይላል ወይስ ትንሽ ይንሸራተታል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። እማም ብትሆን ደረጃ ብትለምድ አይከፋም። እዚህ ሐኪሞቹ አሮጊቱንም ሽማግሌውንም ደረጃ ውጡ ነው የሚሉት።

ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ቀን 10/3

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ወገብህንም ፈጣሪ ይማርልህ፣ የሚያምህ ከሆነ።

የጠየቅከኝን ልመልስ። የሚያጓራው ሲወጣም ሲወርድም ነው። ሲቆም አንድ መዳፍ ያህል ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ሰው እግሩን ከፍ አድርጎ ነው የሚወጣው። ሁሉም ለምዶታል። ስለ ደረጃው ለእትዬ ነገርኳት። «ደረጃውን እሱ ይውጣው» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቱ ሴትዮ መጣች። ድርጅቱ ከፈረሰ አጣሪ የምትሆነው እሷ ናት፤ ሰነዱን ተረክባ፣ ያለውን ቆጥራ፣ በሩን አሽጋ የምትሄደው። ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጮክ ብላ ብትቆጣኝ በተሻለኝ። የቁልፎቹን ሰሌዳ ረጅም ጊዜ አየችው። አንዱን ቁልፍ በጣቷ ነካ አደረገችና ጣቷን ተመለከተች፤ አቧራ ነበረበት። «ቴክኒሻናችሁ የታለ?» አለችኝ። «መስክ ወጥቷል» አልኳት። ጻፈችው።

ለሷ የዋሸሁትን ላንተ ልድገመው አልችልም። ግራሶ ከሄደ አምስት ወሩ ነው። ገመድ የለም፣ ፍሬን የለም፣ በባዶ እጄ ምን ልመርምር ብሎ ቱታውን በበሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ። ቱታው አሁንም እዚያው ነው። ላንተ ያልጻፍኩት መጀመሪያ ይመለሳል ብዬ ነው። ከዚያ አንተ ትመጣለህ ብዬ። ከዚያ ደግሞ ለመድኩት። ካርዱን መስቀል ቀላል ሥራ ነው፤ መሰላል የማይፈልግ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ ብቻ። ቀን እጽፋለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፣ እሰቅላለሁ። አምስት ወር ሙሉ አንድም ሊፍት ማንም አላየውም ጋሼ። ሰዎች ግን ካርዱን እያዩ ይሳፈራሉ።

ሳልነግርህ በመቆየቴ ይቅርታ። አሁን ግን ወይ ና፣ ወይ ሰው ላክ፣ ወይ ምን እንደማደርግ ንገረኝ።

ማኅተም ያዥህ


ቀን 14/4

እህቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የዘገየሁት ስላሰብኩ ነው።

ግራሶ መሄዱን ያኔውኑ ብትነግሪኝ ኖሮ... ይሁን፣ ያለፈው አልፏል።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ማኅተሙን በጨርቅ ጠቅልለሽ በፖስታ ላኪልኝ። ሥራ አቁመናል የሚል ደብዳቤ እዚህ ሆኜ አዘጋጃለሁ፤ ቀኑን ግራሶ ከሄደበት ወር ላይ እናደርገዋለን። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እኛን አይመለከትም ማለት ነው። ድርጅቱ ቢፈርስም ስሜ በንጽሕና ይፈርሳል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም።

እማን ቤት አስቀምጫት። የምትፈልገውን ዘበኛው ይግዛላት። ሊፍቱ ውስጥ አትግባ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ


ቀን 9/5

ይድረስ ለጋሼ፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከትናንት በስቲያ ነው። ማኅተሙን አልላክሁም፣ አልልክምም።

«ምክንያቱን አትጠይቂኝ» ባትለኝ ኖሮ ምናልባት አልጠይቅም ነበር። አንብቤ እንደጨረስኩ የሥራ ደብተርህን ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ ሰማያዊውን፣ ግራሶና አንተ ብቻ የምትነኩትን። ከመሄድህ ስምንት ቀን በፊት በራስህ እጅ የጻፍከውን አገኘሁት። «የእማ ሕንፃ። ከአራቱ ገመድ ሁለቱ ክራቸው ተበጣጥሷል። ፍሬኑ ሳስቷል። እስኪቀየር መቆም አለበት።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። በማግሥቱ ደግሞ «ብቁ ነው» የሚለውን ካርድ ለአንድ ዓመት ያህል ፈረምክ። ለሦስት ወር ጉዞ የአሥራ ሁለት ወር ካርድ ሲፈረም ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ደብተሩን ዘግቼ በቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ። ዘበኛውን ለምኜ ሊፍቱን አስጠፋሁትና «አይሠራም» ብዬ በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩ። ግማሽ ሰዓት አልቆየም። የአምስተኛ ፎቁ አስተማሪ መጣ፣ መንታ የወለደችው መጣች፣ የሦስተኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ጨርቁን በትከሻው እንደተሸከመ መጣ። አደገኛ ነው አልኳቸው። አስተማሪው በሩን ከፍቶ ካርዱን በጣቱ አሳየኝ። «ሰኞ ነው የተመረመረው። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። አንቺ ከመሐንዲሱ ትበልጫለሽ?»

ያሳየኝ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ያለውን ሰኞ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካርዱን ልገነጥለው እጄን ስዘረጋ ዘበኛው ያዘኝና «ማኅተም ያለበት ነገር አይነካም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ከቀትር በኋላ ሊፍቱ መሥራት ጀመረ። እትዬ ቆማ ይህን ሁሉ ስታይ ከቆየች በኋላ «የልጄ ፊርማ ያለበት ሊፍት ነው፣ ምን ሆነሻል?» ብላኝ ተሳፍራ ወጣች። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ማጓራቱን ከታች ሆኜ ሰማሁ።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካርዶቹ ሳይመረመሩ አስቀድመው የተፈረሙ ናቸው ብለህ በራስህ እጅ ለፍርድ ቤቱ ጻፍልኝ። እኔን አያምኑኝም፣ አየኸው። ያንተን ፊርማ የሚሽረው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። እስር ቤት እፈራለሁ። ለብቻዬ እፈራለሁ።

ካርድ መስቀል ካሁን ወዲያ የለም። አሥራ ዘጠኝ ቀርተዋል፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ።

ማኅተም ያዥህ


ቀን 23/5

እህቴ፤

ፈጣሪ ልብሽን ያረጋጋው፤ የእኔንም።

ደብተሩን አቃጥዪው። የቀሩትንም ካርዶች አቃጥዪ። ከቢሮው ጓሮ ባለው በርሜል፣ አመዱንም በትኚው። ሌላ የምለምንሽ የለም።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ ትፈርጂኛለሽ። ፋብሪካ የለም። ማለቴ ፋብሪካው አለ፣ ያንን ዓይነት ሊፍት መሥራት ከተወ ግን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው የነገሩኝ። ገመዱን ጠቅልዬ በሻንጣ ይዤ የምመለስ መስሎኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ባዶ እጄን እማ ፊት መቆም አቃተኝ፤ ነገ ዛሬ ስል ወሩ ሄደ። አሁን ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ። አራት ማዕዘኑን ይዘን የምናጣጥፍ ሁለት ሰዎች ነን፤ ሌላኛው ቋንቋዬን አያውቅም፣ እኔም የሱን። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ቆመን ጨርቅ እንሳሳባለን።

ሊፍቱን ለምን አላቆምኩትም ትያለሽ። ባቆመው እማ በዚያ ጉልበቷ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ትታሰራለች። ለወራት። ለሷ ብዬ ነው። የሷን ብቁ ብዬ ከፈረምኩ በኋላ የሌሎቹን አሥራ ስምንት መፈረም ምን አለው? ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

እዚህ እኔ ሊፍት አልሳፈርም። አምስት ፎቅ አንሶላ ተሸክሜ በደረጃ ነው የምወጣው። ይስቁብኛል።

አደራ፣ አቃጥዪው። አንቺም ትድኛለሽ።

ወንድምሽ


ቀን 4/6፣ ሰኞ

ጋሼ፤

ሰላምታውን ተወው።

አቃጥዪ የሚለው ደብዳቤህ ዓርብ ደረሰኝ። ቅዳሜና እሁድን በርሜሉን እያየሁ አሳለፍኩ። ክብሪትም ገዝቼ ነበር፤ ልዋሽህ አልፈልግም።

ዛሬ ጠዋት ግን እትዬን ላያት ሄድኩ። ቤቷ የለችም። ምድር ቤት፣ ሊፍቱ ፊት ለፊት፣ የዘበኛው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያቺን የማትለብሳትን ሹራብ ለብሳለች፣ አንተ የገዛህላትን። ፀሐይ እዚያ ጋ አይገባም ጋሼ። ጥላ ነው፣ ኮሪደር ነው። እንዴት እስካሁን አላየሁም?

«ምን ትሠሪያለሽ እትዬ?» አልኳት።

እጄን ይዛ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችኝ። «አንቺ ከሱ ጋር ትሠሪያለሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ዛሬ ለምን ቀረ? አሞት ነው?»

«ማን?»

«ልጄ ነዋ። በየወሩ ሰኞ ይመጣል። ካርዱን ፈርሞ ይሄዳል። ዛሬ ግን አዲስ ካርድ የለም።»

ገባህ? እናትህ ተመልሰህ እዚሁ ከተማ ያለህ ይመስላታል። ዓመት ሊሆነው ነው በየወሩ ያንተን ፊርማ፣ አዲስ ቀን ተጽፎበት ታያለች። ጅራቱን ታውቀዋለች፤ «ተማሪ ሳለ ጀምሮ ነው የማውቀው» አለችኝ። በየወሩ እሷ ካለችበት ሕንፃ መጥተህ፣ ሰባት ፎቅ ከሷ በታች ቆመህ ፈርመህ፣ ሳትጠይቃት የምትሄድ ይመስላታል። ለማንም አልተናገረችም። «ዕቃውን ሳያገኝ ቀርቶ አፍሮ ይሆናል፤ ለምን ላሳፍረው» አለች። ሳያያት እንዳይሄድ ብላ ታች ወርዳ ትጠብቅሃለች። መጀመሪያ በሁለት ሰዓት ወረደች፣ ካርዱ ቀድሟታል። በቀጣዩ ወር በአንድ ሰዓት። ከዚያ ሳይነጋጋ። ሁልጊዜ ካርዱ ይቀድማታል፤ ቅዳሜ የምሰቅለው እኔ ነኛ! «እግሩ ፈጣን ነው፣ ከልጅነቱም እንዲህ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

የምትወርደው ደግሞ በዚያ ሊፍት ነው። ለሷ ብዬ ነው ያልከው ፊርማ በየወሩ በዚያ ገመድ ላይ ያንጠለጥላታል። አንተ እዚያ አምስት ፎቅ በእግርህ ትወጣለህ።

አቃጥዪ ያልከኝን አላቃጥልም። ነገ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ያችን ሴትዮ አገኛለሁ። ደብተሩን፣ ካርዶቹን፣ ራሴንም ይዤ። ያንተን ደብዳቤ አልጠብቅም። ከላክህ ግን እቀበላለሁ።

የአክስትህ ልጅ


ቀን 28/6

ይድረስ ለጋሼ፤

ፈጣሪ ይጠብቅህ። ከአንተ ምንም አልደረሰኝም። ቢሆንም የሆነውን ማወቅ አለብህ ብዬ ጻፍኩ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ሄድኩ። ሴትየዋ ሰምታኝ ስትጨርስ አልተቆጣችም፣ ወዲያው ስልክ ብቻ ደወለች። ከቀትር በፊት መርማሪ ይዘን እትዬ ሕንፃ ደረስን። ሰውየው ከሞተሩ ክፍል ሲወርድ ላቡን እየጠረገ ነበር። ሦስተኛውም ገመድ መበጣጠስ ጀምሯል አለ፤ ፍሬኑን በእጁ አሳይቶ ይህን ያህል ነው የቀረው አለን። ጥፍር ያህል ነው። ካርዱን ራሱ ገንጥሎ አወረደው። ማኅተም አለው ብሎ የከለከለው የለም። አስተማሪው አጠገቤ ቆሞ ነበር። መንታዎቹን አንድ በአንድ ተቀብሎ ለእናታቸው በደረጃ አወጣላት።

ለእትዬ እኔው ነገርኳት። ለሌላ ሰው መስጠት አልቻልኩም። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም አንድ በአንድ፤ በአንድ ሳምንት የተፈረሙ መሆናቸውን፣ ቀኑን የምጽፈው እኔ መሆኔን፣ አንተ ከሄድክ እግርህ እንዳልተመለሰ። ትረግመኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን «ታዲያ ደጄን አልዘለለውም በይኛ!» አለች። ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት። ስለ ገመዱ ምንም አልጠየቀችም።

ትናንት ችሎት ቀረብኩ። ከአሥራ አራቱ ድርጅቶች ሰው የቆመለት የእኛ ብቻ ነው፤ የጥርስ ክሊኒኩ ሲጠራ የሳለ እንኳን የለም። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። ከፌስታሌ አሥራ ዘጠኙን ካርዶች አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩ። አንዱን አነሱ፣ ፊርማውን አዩ፣ ቀኑ ባዶ መሆኑን አዩ። የራሳቸውን እስክሪብቶ አቀበሉኝና «የዛሬን ቀን ጻፊበት» አሉኝ። ጻፍኩ። ከተገነጠለው ካርድ ጎን አስቀመጡት። ሁለቱም የእኔ እጅ፣ ሁለቱም ያንተ ፊርማ። «በዚህ ጽሑፍ ስንት ሰው ይሳፈራል?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ይህን ሁሉ ወር አንድ ቀን እንኳ ቆጥሬ አላውቅም።

ድርጅቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ፈርሷል። አሥራ ዘጠኙም ሊፍቶች ተመርምረው እስኪያልፉ ይቁሙ ተባለ። እኔ ለአምስት ዓመት የማንም ድርጅት ኃላፊ እንዳልሆን ታግጃለሁ፤ ከእንግዲህ ስሜን የሚዋስ የለም፣ ተመስገን ነው። ራሴ ቀርቤ መናገሬ ታይቶልኝ ነው እንጂ ከዚህ የባሰ ነበር። አንተ በስድሳ ቀን ውስጥ ራስህ ቀርበህ ቃልህን ስጥ ተብለሃል። ካልቀረብክ በሌለህበት ይወሰናል። ማኅተሙን ሴትየዋ ከእኔ ተረክባለች። የግራሶን ቱታ ምን እናድርገው ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እትዬ ከዚያ በኋላ ታች አትወርድም ብዬ ነበር። ትናንት ከችሎት ስመለስ ዘበኛው «አሮጊቷን አይተሻል?» አለኝ። ወንበሩን አሸክማው፣ ግድግዳ ይዛ፣ ደረጃ በደረጃ ወርዳለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቷ እምቢ አለ። እዚያው መወጣጫው ላይ ወንበሩን አስዘርግታ ተቀምጣ አገኘኋት። አሁንማ እዚህ እንደሌለ አውቀሻል፣ ማንን ነው የምትጠብቂው አልኳት።

«ሲመጣ በደረጃ ነው የሚመጣው» አለችኝ። «ሊፍት የለም። ሳያየኝ አያልፍም።»

በየቀኑ ጠዋት ትወርዳለች። ከቀትር በኋላ አስተማሪውና ልብስ ሰፊው ደግፈው ያወጧታል።

የአክስትህ ልጅ


ቀን 13/7

ይድረስ ለእህቴ፤

የማኅተሙ ነገር አብቅቷልና ከእንግዲህ በስምሽ እጠራሻለሁ፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ። ፈጣሪ እኔ ያልቻልኩትን ስለቻልሽ እድሜሽን ያርዝመው።

የሰኞው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ካውያው እጄ ላይ ነበር። አንዱን አንሶላ አቃጠልኩት። ከዚያ ሦስት ጊዜ መልስ ጻፍኩልሽ፣ ሦስቱም ስለ ወገቤ ነበሩ። ቀደድኳቸው። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ። አብሮኝ የሚያጣጥፈውን ሰው ጨርቁን አስይዤ ወጣሁ። ምን እንደሆንኩ አልገባውም፣ ግን ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

ከዚህ ጋር ለዳኛው የጻፍኩት ቃል አለ። ወገቤ የለበትም፣ ግራሶም የለበትም። ከሥሩ ያለው ፊርማ ዛሬ የተፈረመ ነው፤ ቀኑንም ራሴ ጽፌዋለሁ። ለዚያች ሴትዮ ስጪልኝ። ከቃሉ ኋላ ራሴ እመጣለሁ፤ ማክሰኞ 8/8 ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ያስሩኝ እንደሆነ ያስሩኝ፤ ፈርቼ የኖርኩበት ዓመትም እስር ነበር።

ከተማ የምገባው በዋዜማው ነው፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት። ለእማ አትንገሪያት፤ ነገሩ ተሰነካክሎ ብቀር አትችለውም። ዘበኛውን ግን አንድ ነገር በይልኝ።

ወንበሩን ከአራተኛ ፎቅ እንዳያነሣው።

ወንድምሽ